ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ ሕግ ነውን? በደብረ ብርሃን የተጠቀምኩበት የሕግ ምክር አገልግሎት

በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ላይ ቢሮ ከፍቶ በሚሠራ አንድ የጥብቅናና የሕግ ምክር አገልግሎት ባለፉት ሁለት ወራት ሦስት ጊዜ ተጠቅሜያለሁ። የቢሮውን ስም አልጠቅስም፤ ከምስጋናዬ ጋር ቅሬታም አለኝና፣ ቅሬታውንም ለራሳቸው ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። ይህን የምጽፈው በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት «መመሪያው አይፈቅድም» ተብሎ የተመለሰ የሰሜን ሸዋ ሰው፣ ጠበቃ ዘንድ ሲሄድ ምን መጠየቅና ምን ማግኘት እንደሚገባው አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

የሟች ወንድሜ ባለቤት የምትኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። ለአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ያቀረበችው ማመልከቻ፣ ሕጉ የሚጠይቃቸውን ማስረጃዎች ሁሉ አሟልታ ሳለ፣ በየ6 ወሩ የሚታደስ ተጨማሪ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ካላመጣች እንደማይስተናገድ ተነገራት። በደጋው ብርድ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የተመላለሰችበትን ቀን መቁጠር ትቼ፣ በሦስተኛው ጊዜ አብሬያት ሄድኩ። ጡረታ የወጣሁ የሥነ ዜጋ መምህር ስለሆንኩ የመመሪያውን ቁጥርና ዓመተ ምሕረት ጠየቅሁ። ባለሙያው በትሕትና አንድ ወረቀት አወጣልኝ፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ ሰርኩላር፣ ማለትም ለቅርንጫፎች የሚበተን ደብዳቤ ነበር። ክብ ማኅተምና የአንድ ዳይሬክተር ፊርማ አለበት፣ የመመሪያ ቁጥር ግን የለበትም፣ በየትኛው አዋጅ ወይም ደንብ ሥልጣን እንደወጣም አይናገርም። «ከላይ የወረደ ነው ጋሼ፣ እኛ ምን እናድርግ» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ እሱ ያወጣው አልነበረም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ። የአንዲት ደብዳቤ ጉዳይ ትንሽ ናት፣ ያለ ሕግ የተጠየቀች መሆኗ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። በማግስቱ ወደ ሕግ ቢሮው ሄድኩ።

ስለ ቢሮው ሁኔታ በአጭሩ ልናገር። ቀጠሮ የሚያዘው በስልክ ነው፣ በተቀጠርኩበት ሰዓትም ሳልጠብቅ ተስተናገድኩ። ለአንድ ሰዓት የቃል ምክር 1,500 ብር፣ ለጽሑፍ አስተያየት ደግሞ ተጨማሪ 4,000 ብር ከፍያለሁ፣ ለሁለቱም ደረሰኝ ተሰጥቶኛል። የዋጋ ዝርዝር ግን ግድግዳው ላይ አልተለጠፈም፤ ከመንዝ ወይም ከጅሩ ገንዘቡን ቋጥሮ የሚመጣ ገበሬ ዋጋውን ከመቀመጡ በፊት ሊያውቅ ይገባል። ቢሮው ሁለት ጠበቆች አሉት፣ አንዱ ልምድ ያላቸው አዛውንት፣ ሌላዋ ወጣት ናት። እኔን የተቀበለችኝ ወጣቷ ነበረች።

የአገልግሎቱ ትልቁ ዋጋ ያለው በዚህች ልጅ አሠራር ላይ ነው። ሰርኩላሩን ከሰጠኋት በኋላ ይዘቱን ወዲያው አላነበበችም። ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ጋሼ፣ የሚለውን ከማየታችን በፊት መናገር ይችል እንደሆነ እንይ» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር የሕግን ተዋረድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደ ፒራሚድ ሣልኩ እንጂ፣ ነገሩን በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ልክ ግልጽ አድርጌ አላውቅም። አንድ ድንጋጌ መልካም ወይም ጠቃሚ መሆኑ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሕግ ሆኖ መጽናቱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው መቅደም አለበት።

ከዚያ በኋላ የወረቀቱን ትውልድ ትቆጥር ጀመር። ያወጣው ማን ነው? ሥልጣኑን የሰጠው ማን ነው? በሥልጣኑ ወሰን ውስጥ ነው ወይስ አልፎ ሄዷል? የወጣው በታዘዘው ሥነ ሥርዓት ነው? ለሕዝብ ተገልጿል? ከበላዩ ካለው ሕግ ጋርስ ይስማማል? በፌዴራል ደረጃ አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የሚያወጣው ከተወካዮች ምክር ቤት በሚሰጠው ሥልጣን መሠረት መሆኑን ሕገ መንግሥቱ በ77ኛው አንቀጽ ደንግጓል። መመሪያም እንዲሁ በራሱ የሚቆም አይደለም፣ መሥሪያ ቤቱ በአዋጅ ወይም በደንብ ከተሰጠው የውክልና ሥልጣን ይመነጫል። ስለዚህ እያንዳንዱ ድንጋጌ «አባትህ ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ስም መጥራት ይኖርበታል፤ የሁሉም ዘር ወደ ላይ ሲቆጠር የሚደርሰው ሕገ መንግሥቱ ዘንድ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት 9ኛ አንቀጽ ከእርሱ ጋር የሚቃረን ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራር ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት እንደማይኖረው ይናገራል። ኦስትሪያዊው የሕግ ሊቅ ሃንስ ኬልሰን እያንዳንዱ ድንጋጌ ዋጋውን የሚያገኘው ከእርሱ በላይ ካለው ድንጋጌ ነው ሲል ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ በሰሜን ሸዋ ግን ርስት የተሟገተ ሁሉ ወደ አቅኚው አባት መቁጠርን ስለሚያውቅ፣ ነገሩ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባውም።

ፊርማና ማኅተምን በተመለከተ ያስረዳችኝ አንድ ነገር በተለይ ከልቤ ገባ። በሕገ መንግሥቱ 57ኛ አንቀጽ መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ለፊርማ ይቀርባል፤ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙ ግን ሕጉ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል። ይህ ማለት የአገሪቱ ርዕሰ ብሔር ፊርማ እንኳ ለሕግ ነፍስ ሰጪ አይደለም፤ ነፍስ የሚሰጠው ሥልጣን ያለው አካል በተደነገገለት ሥርዓት መወሰኑ ነው። ታዲያ የአንድ ዳይሬክተር ፊርማና ክብ ማኅተም ብቻውን እንዴት ሕግ ይፈጥራል? እኛ ማኅተም ስናይ ቆመን የምንሰግድበት ልማድ አለን፣ እኔም ከነበሩት አንዱ ነኝ።

ረጅም ጊዜ የሰጠችው ግን ለመታወጁ ጉዳይ ነበር፣ መስጠቷም ተገቢ ነበር። በዱሮ ጊዜ ነጋሪት እየተጎሰመ በገበያ መካከል «ስማ፣ ስማ፣ ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል የነበረው ለጌጥ አልነበረም። ሰው ባልሰማው ሕግ ሊጠየቅ አይገባም የሚለው አሳብ በዚያ ከበሮ ውስጥ ነበረ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ መታተም የጀመረው ጋዜጣ ስሙን ከዚያው ከበሮ ወስዶ ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ። በ1987 የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 የፌዴራል መንግሥቱ ሕጎች ሁሉ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ እንዲወጡ፣ በዚያ የወጣውንም ማንኛውም የመንግሥት አካልና ማንኛውም ሰው እንዲያውቀውና እንዲቀበለው ያዝዛል። የክልላችን ሕግ ደግሞ «ዝክረ ሕግ» በተባለው ጋዜጣ ይወጣል። መመሪያዎች ግን ለብዙ ዘመን ከዚህ ሁሉ ውጭ ሆነው ኖረዋል። በባለሥልጣናት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠው የሰውን መብት የሚወስኑ፣ ባለጉዳዩ ግን ሊያያቸው የማይችላቸው ወረቀቶች ነበሩ።

ይህን ለማረም የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው፤ ጠበቃዋም የእኛን ጉዳይ የፈታችው በዚሁ ነው። አዋጁ የፌዴራል አስተዳደር ተቋማት መመሪያ ሲያወጡ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርቡ፣ የጸደቀውን በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አስመዝግበው መለያ ቁጥር እንዲያገኙ፣ በድረ ገጽም እንዲጭኑት ያስገድዳል። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2014 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1263 ወደ ፍትሕ ሚኒስቴርነት ስለተለወጠ ምዝገባው አሁን በዚያ ይከናወናል። ያልተመዘገበና ይፋ ያልሆነ መመሪያ በሰው ላይ አይፈጸምም። «ይህ ግን መመሪያ አይደለም፣ የውስጥ ደብዳቤ ነው ቢሉንስ?» ብዬ ጠየቅኋት። መልሷ እንዲህ ነበር፤ ወረቀቱ ለሠራተኞች ፋይል እንዴት እንደሚደረደር ብቻ የሚናገር ቢሆን የውስጥ ጉዳይ ነው፣ ማንም አይጠይቃቸውም። በሕግ ያልተጠየቀን ማስረጃ በባለጉዳይ ላይ የሚጨምር ከሆነ ግን የመመሪያን ሥራ እየሠራ ነው፣ የመመሪያን ሥራ የሚሠራ ወረቀት ደግሞ በመመሪያ በር መግባት አለበት። የውስጥ ደብዳቤ ነው ካሉም፣ ከውስጥ አልፎ መንዝ ያለችውን ሴት ሊያዝዛት አይችልም። በሁለቱም መንገድ ሰርኩላሩ ይወድቃል።

እስከዚህ ድረስ አገልግሎቱን ያለ ቅሬታ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬ የሚጀምረው አስገዳጅ ያልሆኑ ድንጋጌዎችን ስንነካ ነው።

በዚያው ቅርንጫፍ መግቢያ ላይ «የዜጎች ቻርተር» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። እያንዳንዱ አገልግሎት ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ፣ ቅሬታ ለማን እንደሚቀርብ ይዘረዝራል፤ ተጨማሪው ደብዳቤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ይህን ሳነሣ በመካከል የገቡት አዛውንቱ ጠበቃ «ቻርተር ሕግ አይደለም፣ ይተዉት» ብለው ጉዳዩን በአንድ ቃል ዘጉት። ሁለተኛ ጥያቄዬንም፣ ጸሐፊ የሆንኩበትን የዕድራችንን መተዳደሪያ ደንብ ሳሳያቸው፣ «ይህም ሕግ አይደለም» አሉኝ። አንድ መምህር ለተማሪው እንዲህ ቢመልስ ግማሽ ነጥብ ብቻ ይገባዋል፤ ባለጉዳይ ከከፈለ በኋላ ሙሉውን መልስ የማግኘት መብት አለው።

ሙሉው መልስ ምንድን ነው? ሕግ ያልሆነ ነገር ሁሉ ባዶ አይደለም፣ ሕግ ያልሆኑትም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። የዕድር ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ አልወጣም፣ በመንገድ አላፊውን አያዝዝም። ነገር ግን አባላቱ ፈርመው የተስማሙበት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን 1731ኛ ቁጥር ደግሞ በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች መካከል እንደ ሕግ እንደሚያስገድድ ይደነግጋል። ስለዚህ ወርኃዊ መዋጮውን ያቋረጠ አባል «ደንባችሁ ሕግ አይደለም» ብሎ ማምለጥ አይችልም፣ ዕድሩም በደንቡ የገባውን የቀብር ወጪ «አስገዳጅ አይደለም» ብሎ ሊከለክል አይችልም። አስገዳጅነቱ የመጣው ከመንግሥት ሥልጣን ሳይሆን ከአባላቱ ፈቃድ ነው፣ በፍርድ ቤት ዓይን ግን ክብደቱ እውነተኛ ነው።

ቻርተሩ ሌላ ዓይነት ነው። በቻርተሩ ብቻ ክስ መመሥረት ያስቸግራል፣ በዚህ አዛውንቱ ልክ ናቸው። ይሁን እንጂ መሥሪያ ቤቱ ለሕዝብ በአደባባይ የገባው ቃል ነው፤ ለቅርንጫፉ ኃላፊ ቅሬታ ሲጻፍ፣ ወይም ጉዳዩ በ1992 በአዋጅ ቁጥር 211 ለተቋቋመው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሲቀርብ፣ የመጀመሪያው ማስረጃ እርሱ ነው። ልብ በሉ፣ እንባ ጠባቂውም የሚሰጠው የመፍትሔ ሐሳብ እንጂ የፍርድ ቤት ፍርድ አይደለም። አስገዳጅ ያልሆነ ቃል ተይዞ አስገዳጅ ያልሆነ ምክረ ሐሳብ ወደሚሰጥ ተቋም ይኬዳል፤ ሆኖም ብዙ በደል የሚታረመው በዚህ መንገድ ነው፣ መሥሪያ ቤት በራሱ ቃል ሲጠየቅ የሚሰማው ኀፍረት አለና።

ከዚህም የበለጠ ግልጽ ምሳሌ በሕገ መንግሥታችን ውስጥ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1948 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ሲወጣ አስገዳጅ ስምምነት አልነበረም፣ መግለጫ ነበር እንጂ። ነገር ግን 13ኛው አንቀጽ በሕገ መንግሥቱ የተዘረዘሩት መሠረታዊ መብቶች ከዚህ መግለጫ መርሆዎች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጐሙ አዝዟል። አስገዳጅ ያልነበረው ጽሑፍ አስገዳጁ የሚነበብበት መነጽር ሆነ። ይህን የሚያውቅ ጠበቃ «ሕግ አይደለም፣ ይተዉት» አይልም፤ «ሕግ አይደለም፣ ግን ለዚህ ይጠቅማል» ይላል።

የመንዝ ልጅ ስለሆንኩ አንድ ነገር ጨምሬ ለአዛውንቱ አንሥቼላቸው ነበር። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ የኖረው ቀሮ በተባለ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ነው። የሁለቱ አቅኚ አባቶች የአስቦና የገራ ተወላጆች ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት ከልክለው፣ ደርሷል ሲባል በአንድነት ከፍተው፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ እያጨዱ፣ የተላለፈውን በመረጧቸው አለቆች እየቀጡ ኖረዋል። ያን ጊዜ ይህ ሥርዓት በየትኛው ጋዜጣ ታተመ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3347ኛ ቁጥር ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩትን የቀድሞ ልማዶች ሽሯል፤ ቀሮን በተግባር ያፈረሰው ግን የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነበር። ርስትና ከርስቱ ጋር የተያያዘው የአቅኚ አባት መብት ሲጠፋ ቀሮ የቆመበት መሠረት ጠፋ። ጓሳው ግን እስከ ዛሬ አለ፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም አሉ፤ ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ ማኅበረሰባዊ ደንብ መልሶ በማቋቋሙ ነው። እንግሊዛዊው የሕግ ፈላስፋ ሃርት ሕግን ከወንበዴ ትእዛዝ የሚለየው ሰዎች ከውስጣቸው እንደ መለኪያ መቀበላቸው ነው ይል ነበር። በእኛ አገር መንገድ ላይ የሚጣሉ ሁለት ሰዎች አንድ ሽማግሌ «በሕግ አምላክ!» ሲላቸው ዱላቸውን ያወርዱ የነበረው ሽማግሌው ፖሊስ ስለሆነ አልነበረም።

አዛውንቱ ጠበቃ ይህን ሰምተው በቁም ነገር የመለሱልኝ መልስ ከክፍያው ሁሉ በላይ ጠቅሞኛል፣ ከቀደመው ችኮላቸውም ይልቅ ይህን መቁጠር ይገባኛል። ሰዎች የተቀበሉት ልማድ ሁሉ ሕግ ይሁን ከተባለ፣ «ከላይ የወረደ ነው» ብሎ ሰርኩላሩን የተቀበለው የመስኮት ሠራተኛም ሕግ እየፈጸመ ነው ማለት ይሆናል አሉኝ፤ ሠራተኛው ወረቀቱን ከልቡ ተቀብሎታልና። እውነት ነው። መቀበል ብቻውን አይበቃም፤ ትውልዱም መቆጠር አለበት። የቀሮ አለቆች ሥልጣናቸውን ከመረጣቸው ሕዝብ እንዳገኙ ሁሉም ያውቅ ነበር፣ ክልከላውም መከፈቱም በግልጽ የሚታወቅ ነበር፣ ሰርኩላሩ ግን ከመሳቢያ የወጣ ነው። በዚህ ላይ እኔና እርሳቸው ተስማማን።

የጽሑፍ አስተያየቱ በ3 ቀን ይደርሳል ተብሎ በ9ኛው ቀን ደረሰ። ይህ መዘግየት ቀላል አይደለም፣ በአስተዳደር ውሳኔ ላይ ቅሬታ የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ ያለው ነገር ነውና። ጽሑፉ ራሱ ግን በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነበር፣ ወጣቷ ጠበቃም የ1731ኛውን ቁጥር ጉዳይ ሳልነግራት ራሷ አስገብታለች። አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ክሱ «ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል» ብሎ ያልፋል፣ ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። ተመልሼ ስጠይቅ ሕገ መንግሥቱን ገልጣ፣ በ80ኛው አንቀጽ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከራሱ ሥልጣን ሌላ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና እንደሚሠራ አሳየችኝ። ይህ ከመጀመሪያው በጽሑፉ ውስጥ መኖር ነበረበት፤ ለእኛ አገር ባለጉዳይ ከፍልስፍናው ሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የትኛውን አውቶቡስ እንደሚሳፈር ማወቅ ነው።

ክስ ግን አላስፈለገም። ለቅርንጫፉ ኃላፊ በተጻፈው አንድ ገጽ ማመልከቻ ሰርኩላሩ የተመዘገበ መመሪያ ከሆነ የምዝገባ ቁጥሩ እንዲገለጽልን ጠየቅን፤ ከቻርተሩ ጋር አለመስማማቱንም በሁለተኛው አንቀጽ አነሣን። ኃላፊው ጥያቄውን ለዋናው መሥሪያ ቤት ልከው፣ መልሱ እስኪመጣ የወንድሜ ባለቤት ማመልከቻ ያለ ተጨማሪው ደብዳቤ እንዲስተናገድ አደረጉ። የዋናው መሥሪያ ቤት መልስ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። የቀረው አንዱ ለዋጋ ዝርዝሩ አለመለጠፍና ለጽሑፉ መዘግየት ነው። ወደ እንዲህ ዓይነት ቢሮ የምትሄዱ ሁሉ የተከለከላችሁበትን ወረቀት ኮፒ፣ ኮፒው ከተከለከላችሁም ቀኑንና የተናገረውን ሠራተኛ የሥራ መደብ የጻፋችሁበት ማስታወሻ፣ በግድግዳው ላይ ያለውን ቻርተር ፎቶ፣ እንዲሁም መሥሪያ ቤቱን ያቋቋመውን አዋጅ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፤ የመጀመሪያው ሰዓት ክፍያ እነዚህን በመፈለግ እንዳያልቅ። እኔ የዕድራችንን ደንብ እንዲያስተካክሉልን በመጪው ወር እመለሳለሁ፣ ወጣቷን ጠበቃ ነው የቀጠርኩት።